የእመት ባርኔጣ የመጨረሻ ገጽ

ዶሮ ጆሮ አላት ወይ ብላችሁ አትከራከሩኝ። የኛ ዶሮ አላት። ባርኔጣዋ ላይ የተሰካው ቀይ አበባ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ነው እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ ተሳስቼ በግራ ጆሮዋ በኩል የሣልኩ ቀን እናቴ ወረቀቱን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መልሳልኛለች። ዶሮዋ ስሟ እመት ባርኔጣ ነው። እሷ የምትኖረው በሥዕል መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ እኛ የምንኖረው ደግሞ በእሷ ነው።

አሳታሚዎች ነን። «ነን» ስል እናቴን፣ አጎቴን፣ ገጽ አቀናባሪያችንንና እኔን ማለቴ ነው። እናቴና ወንድሟ ቤቱን የከፈቱት አባታቸው ጫማ ይሸጥበት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ምድር ቤቱን የመጻሕፍት መሸጫ አደረጉት፣ መካከለኛውን ፎቅ መሥሪያ ክፍል፣ የላይኛውን መኖሪያ። እኔ የተወለድኩት ላይ ነው፤ የምሠራው መካከል። ጠዋት ሥራ ለመግባት ደረጃ እወርዳለሁ፣ ማታ ቤቴ ለመግባት ደረጃ እወጣለሁ። «ሥራ ስሄድ መንገድ ላይ ዝናብ ደበደበኝ» ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ያስቀኑኛል።

የመሥሪያ ክፍላችን መስኮት ድሮ ትልቅ ነበር ይባላል። አሁን ሳይሸጡ የተመለሱ መጻሕፍት ከወለሉ ጀምረው ተቆልለው ከግማሹ በላይ ሸፍነውታል። እናቴ ያልተሸጠ መጽሐፍ አታስወግድም። «ገዢው ገና አልተወለደ ይሆናል» ትላለች። ስለዚህ ከጠረጴዛዬ የሚታየኝ የፊት ለፊቱ ሕንፃ ጣሪያና አንድ የተጣመመ አንቴና ብቻ ነው። አንቴናው ላይ ወፍ ያረፈ ቀን ለኔ በዓል ነው።

ትልልቅ አሳታሚዎች በየጊዜው መጥተው ዶሮዋን ለመግዛት ጠይቀውናል። እናቴ ወንበር ትሰጣቸዋለች፣ ሻይ ታቀርብላቸዋለች፣ ከዚያ አፏን ሞልታ «እኛ የማንንም እጅ አናይም» ብላ ትሸኛቸዋለች። በዚህ ነገሯ እኮራባት ነበር፤ አሁንም እኮራለሁ። መጽሐፋችንን የምናሳትመው ስንፈልግ ነው፣ የሚሰፋው በክር ነው፣ ወረቀቱ እስኪላስ ያምራል፣ ይህን ጨምሩ ያንን ቀንሱ የሚለን የለም። ቤቱ ነጻ ነው። በነጻው ቤት ውስጥ ነጻ ያልሆንኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ግን ለማን ይነገራል?

ቤታችን የራሱ ሕግ አለው፤ ማንም ጽፎት አያውቅም፣ ማንም ረስቶት አያውቅም። እመት ባርኔጣ ከቤቷ ስትወጣ ፊቷ ወደ ቀኝ ነው፣ አንባቢው ወደሚያመራበት ወደ ቀጣዩ ገጽ። ስትመለስ ፊቷ ወደ ግራ ነው፣ ታሪኩ ወደጀመረበት፣ ቤቷ ወዳለበት። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን እንኳ መሄዷንና መመለሷን በዚህ ይለያል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ቤት አይሣልም። መንገድ አለ፣ ሰማይ አለ፣ ቦርሳዋን ያንጠለጠለች ዶሮ አለች፤ ፊቷ ወደ ግራ ስለሆነ ወደ ቤቷ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በዚያ ገጽ ላይ ብቻ ደግሞ አበባው ከቀኝ ጆሮዋ ወደ ግራ ጆሮዋ ይዛወራል።

ይህ የአበባ ነገር መታወቂያችን ነው። ልጆች ፈልገው ያገኙትና «ለምን?» ይላሉ። መልሱ የታወቀ ነው፤ «ቤቷ ስለተመለሰች ደስ ብሏት ባርኔጣዋን አዞረችው።» እኔም ልጅ ሆኜ ጠይቄ ይኸው ተመልሶልኛል፤ አድጌ ደግሞ ለስንቱ ልጅ መልሻለሁ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። ሰው የገዛ ቤቱ በር ለምን ወደ ውስጥ እንደሚከፈት ይጠይቃል እንዴ?

ከሁሉ የከበደው ሕግ የዝምታው ንባብ ነው። በኛ ቤት ሥዕሉ ይቀድማል፤ ቃሉ ኋላ ይመጣል፣ የምትጽፈውም እናቴ ናት። ሥዕሎቹ ሲያልቁ እንደ መጽሐፍ አድርገን እንጠርዛቸዋለን። ከዚያ ሁላችንም በትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ገጾቹ አንድ በአንድ ይገለጣሉ፤ ማንም ትንፍሽ አይልም። በመጨረሻ እናቴ ያየችውን ታሪክ በቃሏ ትተርካለች። የሣለው ሰው ማስረዳት አይፈቀድለትም። እሷ ካልገባት ሥዕሉ ተቀዶ እንደገና ይሣላል። «ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ ሲያነብ አንቺ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ልታስረጂው ነው?» ትለኛለች። ልክ ናት። የሚያናድደኝም ልክ መሆኗ ነው።

እመት ባርኔጣን የፈጠራት አጎቴ ነው። ሽፋኑ ላይ ስሙ የለም፤ የኔም የለም፤ ትንሽ የባርኔጣ ማኅተም ብቻ ነው ያለችው። እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው እኔ ትምህርቴን ጨርሼ የትም ዓለም ለመሄድ ስቁነጠነጥ ነበር። አንድ ጠዋት እናቴ ብዕሩን ከእሱ ጠረጴዛ አንስታ እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «ለጊዜው ነው» አለኝ አጎቴ፣ እጆቹን ብብቱ ሥር ደብቆ። ለጊዜው የተባለው ጊዜ እስከ ዛሬ አላለቀም። የእሱን መስመር እንደ ራሱ አድርጌ መሣል ቻልኩ፤ አሁን ችግሩ ሌላ መስመር አለመቻሌ ነው። አንድ ቀን ለራሴ ፈረስ ልሥል ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ላይ የወጣው ግን ቁመቷ የረዘመ ዶሮ ነበረች።

አብራኝ የተማረች አንዲት ጓደኛ አለችኝ። በሌላ ከተማ የራሷን ትንሽ የሥዕል መጻሕፍት ቤት ከፍታለች። ለኔ ብላ መስኮት ሥር ጠረጴዛ አስቀምጣልኛለች፤ መስኮቱ ሙሉ ነው፣ ምንም አልተቆለለበትም። እዚያ የምሠራው የራሴን መጽሐፍ ነው፣ በራሴ ስም። በደወለች ቁጥር «ከዚህ መጽሐፍ በኋላ» እላታለሁ።

በቀደም «ከየትኛው መጽሐፍ በኋላ?» አለችኝ። «አንቺ ይህን ስትዪኝ እኮ እኔ አግብቼ ወልጄ ፈትቻለሁ!»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ስሚኝ እህቴ፣ ጠረጴዛውን ሌላ ሰው ጠይቆኛል። ይኼኛው መጽሐፍ ወጥቶ ካልመጣሽ እሰጠዋለሁ። አልቀየምሽም፤ ግን እሰጠዋለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሆድ ባሰኝ። ጠረጴዛው ከሄደ ሌላ እንደማላገኝ አውቀዋለሁ፤ ዶሮ ብቻ መሣል የሚችልን ሰው ማን ይጠብቃል?

ለእናቴ በአፌ ልነግራት ያልሞከርኩ አይምሰላችሁ። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ስላት ወይ ጉልበቷን ይቆረጥማታል፣ ወይ ምድጃ ላይ የጣደችው ትዝ ይላታል። አንድ ቀን ጨክኜ «እማዬ፣ ልሄድ ነው» እስከማለት ደርሼ ነበር። «ስትመለሺ ወተት ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ይዤ መጣሁ።

ስለዚህ በሥዕል ልነግራት ወሰንኩ። በዝምታው ንባብ ላይ ጉልበት ያመኛል ብሎ መነሣት የለም። እናቴ የሰማችውን እንዳልሰማ ማለፍ ትችልበታለች፤ ያየችውን ግን አታልፍም፤ ሙያዋ ማየት ነው።

በአዲሱ መጽሐፍ ውስጥ እመት ባርኔጣ ዕቃዋን ታድላለች። ድስቷን ለዳክዬዋ ሰጠች፣ ብርድ ልብሷን ለፍየሉ፣ አልጋዋን ቤት ለጠበባቸው ጥንቸሎች። በየገጹ ቤቷ እየሰፋ፣ ግድግዳው እየተራቆተ ይሄዳል። ከዚያ የመጨረሻው ገጽ፤ መንገድ፣ ሰማይ፣ ቦርሳዋን ያንጠለጠለች ዶሮ። ፊቷ ወደ ቀኝ። አበባዋም እንደወትሮው በቀኝ ጆሮዋ በኩል፤ ቤቷ ስላልተመለሰች የምታዞረው ባርኔጣ የለም። ስሥላት እጄ እምቢ አለኝ። ወደ ቀኝ ብዬ እጀምራለሁ፣ ምንቃሯ ጋ ስደርስ በራሱ ጊዜ ወደ ግራ ይዞራል። ያንን ገጽ እስክጨርስ ድረስ የቀደድኩት ወረቀት የቆሻሻ ቅርጫቱን ሞላው።

የንባቡ ቀን እንደወጉ ተቀመጥን። እናቴ በጠረጴዛው ራስ፣ አጎቴ በቀኟ፣ አቀናባሪው በግራዋ። ገጾቹን የምገልጠው እኔ ነበርኩ። ድስቱ ሄደ። ብርድ ልብሱ ሄደ። ጥንቸሎቹ አልጋውን ተሸክመው ሲወጡ አቀናባሪው ሳቁን አፍኖ ትከሻው ተነቀነቀ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ።

የእናቴ ዐይን እዚያ ገጽ ላይ ቆየ። አጎቴ እጆቹን ከብብቱ ሥር አወጣ፣ መልሶም ከተታቸው።

ከዚያ መተረክ ጀመረች። እናቴ ስትተርክ ብትሰሟት! ያልሣልኩትን የዳክዬዋን ሳል ሁሉ ሰማችልኝ። ባዶው ቤት ጋ ደረሰች፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ጥራዙን በቀስታ ዘጋችው።

«ገብቶኛል» አለች። «ይታተም።»

ተነሥታ በኋላዬ ስታልፍ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ከልጅነቴ ወዲህ ዳብሳኝ አታውቅም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ለጓደኛዬ ደወልኩ። «እመጣለሁ» አልኳት። «እናቴ ገብቷታል።» አልጋዬ ሥር ሻንጣ ከፍቼ ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩ። ያን ሰሞን ደረጃው እንኳ አጭር መስሎ ታየኝ፤ እየዘለልኩ ነበር የምወርደው።

የታተሙት ወረቀቶች ከማተሚያ ቤት የመጡት ጠዋት ነው። ገና አልተቆረጡም፤ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ብዙ ገጾች ተደርድረው ቀለም ቀለም ይሸታሉ። የመጨረሻውን ገጽ ለመፈለግ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። አገኘሁት።

ፊቷ ወደ ግራ ነው። ከሥሯ የእናቴ ቃል ታትሟል፤ «እመት ባርኔጣም ዕቃዋን ሁሉ ሰጥታ፣ ቀለል ብሏት፣ ወደ ሰፊው ቤቷ ተመለሰች።»

ሌላ ሰው የሣላት መስሎኝ መስመሩን አንድ በአንድ ተከተልኩት። የኔው ነው። ምንቃሩ ጋ እጄ ያመነታበት ቦታ ሳይቀር አለ። ማንም አልነካካትም፤ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ሰው ገልብጠዋት ብቻ ነው። አበባዋም በግራ ጆሮዋ በኩል ሆኗል።

አቀናባሪው ጋ ሄድኩ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን እየፈለገ ነበር።

«ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ገጽ ማነው የገለበጣት?»

«እኔ ነኛ!» አለ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብሎ። «እትዬ ናቸው ያሉኝ። ‹ልጅቷ ደክሟት ገልብጣዋለች፣ መልሳት› አሉኝ። እኔማ ላንቺ መጥቼ ልጠይቅ ነበር። ግን ሳዞራት ጊዜ አበባውም ቦታው ገባ! በመጨረሻው ገጽ አበባው በግራ አይደል? ስትገለበጥ በራሱ ጊዜ በግራ ሆነ። በቃ፣ እውነትም ስህተት ነበር አልኩ።» ፊቴን አይቶ ፈገግታው ጠፋ። «ምነው እህት ዓለም? አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋህም» አልኩት። ምን ጥፋት አለው? በዚህ ቤት ውስጥ ወደ ቀኝ የዞረች የመጨረሻ ገጽ አይቶ አያውቅም። እንኳን እሱ፣ እኔ ራሴ ብሆን አስተካክላት ነበር።

ወደ ላይኛው ፎቅ ስወጣ ግን ቃሉ ተከተለኝ። ስትገለበጥ አበባው በራሱ ጊዜ በግራ ሆነ። ደረጃው መሐል ቆምኩ። ያ አበባ መጀመሪያውኑ እንዴት ወደ ግራ ሄደ? ባርኔጣ ያዞረ ሰው አልነበረም። ለካ በመጀመሪያው መጽሐፍም አንድ የተገለበጠ ሥዕል ነበረ። እኔ ደግሞ ብዕሩን ከያዝኩ ወዲህ በወጡት መጻሕፍት ሁሉ ያንን ግልባጭ እያየሁ፣ ተጠንቅቄ፣ አበባውን ወደ ግራ እያዛወርኩ ስሥል ኖሬአለሁ።

አጎቴ ክፍሉ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱን ዘርግቼ ሰጠሁት። በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ዶሮዋ የምትራመድ ትመስል ነበር።

«ጋሼ፣ አንተም ወደ ቀኝ ነበር የሣልካት አይደል? የመጀመሪያዋን።»

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አነጠፈው። ከዚያ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«‹ደክሞህ ገልብጠኸዋል› አለችኝ እናትሽ» አለ። «ያኔ ታትሞ ነው ያየሁት።»

«ወዴት ልትሄድ ነበር?»

«እንጃ። ባቡር ጣቢያ ድረስ መሄድ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ባቡሩ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን አልሄድክም? ሥዕሉ ቢገለበጥ እግርህ አልተገለበጠ!» ጮህኩበት መሰለኝ። ባልጮህበት ደስ ባለኝ።

«የገለበጠችውስ እሷ ናት» አለ። «መልሱ ግን የኔ ነው። መጽሐፉ የወጣ ቀን ልጆች ታች ተሰበሰቡ። አንዲት ፍልቅልቅ ልጅ ‹አበባው ለምን ዞረ?› አለችኝ። እናትሽ አየችኝ። ልጆቹ አዩኝ። እኔ እንጃ፣ ከአፌ ወጣ። ቤቷ ስለተመለሰች ደስ ብሏት ነው አልኩ። አቤት ሲያምር! ልጆቹ አጨበጨቡ፣ እናትሽ እንባ አውጥታ ሳቀች። እኔም የገዛ ነገሬን አመንኩት።» እጆቹን ብብቱ ሥር ከተታቸው። «ማታ ሻንጣዬን ፈታሁ። ማንም ፍታ አላለኝም። ያሰረኝ ሥዕሉ አይደለም የኔ ልጅ፣ መልሱ ነው።»

እናቴ ማዕድ ቤት ሰሐን ታጥባለች። ወረቀቱን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ይቺ ዶሮ ተገልብጣለች።»

«አስተካከልናት እኮ።»

«ልክ ነበረች። እየሄደች ነው።»

«ወዴት ትሄዳለች?» አለች፣ ቀና ሳትል። «ቤቷ እዚህ ነው።»

«ገብቶኛል ብለሽ ነበር።»

ሰሐኑን አስቀመጠች፤ እጇን ግን ከውኃው አላወጣችም። «እኔ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አልችልም፤ ታውቂያለሽ። ሰው ይህን ቤት የኔ ነው ይላል። የኔ የሆነው ግድግዳው ነው። እጁ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የእሱ ነበር፣ አሁን ያንቺ ነው። እጁ ከሄደ እኔ ምን ይዤ እቀመጣለሁ?» ወዲያው ግን ሰሐኑን መልሳ አነሣች። «ደግሞም ተሳስተሽ ነው። ደክሞሽ ነበር። አልደከመሽም?»

አንጀቴን በላችው። ልቆጣት የመጣሁት እኔ ፎጣ አንስቼ ሰሐን አደራረቅሁላት። «አዎ፣ ደክሞኝ ነበር» አልኩ። ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን ሳብኩና አንድ ሹራብ አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት። በማግስቱ ሌላ ልብስ አወጣሁ። ማንም አውጪ አላለኝም። አጎቴን የጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ እንዲህ ነው ለካ፤ ሰው የሚቀረው በአንድ ቀን አይደለም።

መጽሐፉ ተጠርዞ የወጣ ቀን እንደ ልማዳችን የሰፈሩ ልጆች ምድር ቤት መጥተው ወለሉ ላይ ተኮለኮሉ። ጓደኛዬ የሰጠችኝም ቀን ያ ነበር፤ እመጣለሁ ካልኳት ወዲህ ድምፄን አጥፍቻለሁ፣ ዛሬም ካልደወልኩ ጠረጴዛው የሌላ ነው። አቀናባሪው አጎቴን ደግፎ አውርዶ በሩ አጠገብ አስቀመጠው። እናቴ ለልጆቹ የሚታደሉትን መጻሕፍት ደረቷ ላይ ታቅፋ ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች። የማነበው እኔ ነኝ።

አነበብኩ። ጥንቸሎቹ ጋ ሳቁ፣ ባዶው ቤት ጋ ዝም አሉ። የመጨረሻውን ገጽ ከፍ አድርጌ አሳየሁና የእናቴን ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጭብጨባው ሳያልቅ ፊት የተቀመጠች፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ እጇን አወጣች።

«አበባው ለምን ዞረ?»

እናቴ አየችኝ። ልጆቹ አዩኝ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ስንት ጊዜ ያልኩት ነገር ነው፣ ብቻውን መውጣት ይችላል።

«ቤቷ ስለ…» ብዬ ጀመርኩ።

ዐይኔ አጎቴ ላይ አረፈ። እጆቹን ከብብቱ ሥር አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧቸዋል። ሰው ሁሉ እያየው ይንቀጠቀጣሉ። አልደበቃቸውም። እኔን ነበር የሚያየው፤ አፌን።

«አይደለም» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። «ባርኔጣዋን አላዞረችም። ሥዕሉ ነው የተገለበጠው። እኔ የሣልኳት በወዲያ በኩል ዞራ ነው። እመት ባርኔጣ አልተመለሰችም፤ እየሄደች ነው።»

በቤታችን ታሪክ የሣለ ሰው ሲያስረዳ ያ የመጀመሪያው ነው። ክፍሉ የዝምታው ንባብ ላይ እንዳለን ጸጥ አለ። አቀናባሪው መነጽሩን አወለቀ። ልጅቷ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ ገጹን አስጠግታ አየችው፣ አራቀችው፣ ጭንቅላቷን ዘመም አድርጋ አሰበች።

«እናቷ ታውቃለች?» አለች።

ቀና ብዬ ባንኮኒውን ማየት ፈራሁ፤ ወለሉን አየሁ፣ የልጆቹን ጫማዎች።

«ታውቃለች» አለች እናቴ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። የታቀፈቻቸውን መጻሕፍት አጥብቃ ይዛለች። «ሥዕሉን ያየች ቀን አውቃለች» አለች። ከዚያ ከባንኮኒው ኋላ ወጥታ ለልጅቷ የራሷን መጽሐፍ ሰጠቻት፣ ለሚቀጥለው ልጅም ሰጠች፣ ተራ በተራ እያጎነበሰች ለሁሉም አዳረሰች።

ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩ፣ ያወጣሁትን ልብስ መልሼ አጠፍኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ። አጎቴ ከደረጃው ራስ ሆኖ እጁን አነሣልኝ፤ ያውለብልበው ይሁን ይንቀጥቀጥበት አልለየሁም፣ ሁለቱም ጥሩ ነው። እናቴ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ምንም አቧራ ያልነካውን መደርደሪያ ትወለውላለች። ሳምኳት፣ ሳመችኝ። የመስታወቱን በር ከፈትኩና እጀታውን እንደያዝኩ ትንሽ ቆምኩ፤ የምትለኝ ነገር ካለ ብዬ ጠበቅኋት።

ወተት ይዘሽ ነይ አላለችኝም።